የአሮጌ ፎር ዊል መኪና ፍሬን ድምፅ ሲያወጣ፦ ከየት እንደሚመጣ ማግኛ መመሪያ

ፍሬን መጮህ ሲጀምር ብዙ ሰው በቀጥታ አዲስ ሸራ (እየተፋተገ ጎማውን የሚያቆመውን አላቂ ክፍል) ይገዛል። አንዳንዴ ይሳካል። ብዙ ጊዜ ግን ሸራው ተቀይሮም ድምፁ እዚያው ነው። አሮጌ ፎር ዊል ድራይቭ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። ከጎማ አካባቢ የሚመጣ ድምፅ የሸራ ሊሆን ይችላል። የኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል)፣ የክሮቼራ (የረጅሙ ዘንግ መጋጠሚያ)፣ የላላ ብሎን ወይም ከዲስኩ (ሸራው ጨምቆ ከሚይዘው ክብ ብረት) ጀርባ የተሰነቀረች ጠጠርም ሊሆን ይችላል። ከሹፌሩ ወንበር ሆኖ ለሚሰማ ሁሉም ይመሳሰላሉ።

ስለዚህ ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ሳታውቁ መፍቻ አታንሱ። ማዳመጡ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው የሚወስደው። ያለ ቦታው የተፈታ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት መሃለኛ ብረት) ግን ቀኑን ሙሉ ይበላል።

መኪናው ጭራሽ መነዳት የሌለበት ጊዜ

ፔዳሉ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ አትንዱ። የፍሬን መብራት በርቶ አልጠፋም ካለ፣ ጎማው ከውስጥ በኩል በዘይት ከራሰ፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ወይም ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ከተሰማ ለሙከራ እንኳን አይነዳም። ባለበት ተነስቶ ይከፈታል። ቀጥሎ ያለው ሙከራ ፍሬኑ በደንብ ለሚይዝ መኪና ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ድምፁን ማዳመጥ

ሰውና መኪና የሌለበት ሜዳ ቦታ ፈልጉ። በአንድ በኩል ረጅም ግድግዳ ቢኖር በጣም ጥሩ ነው፤ ግድግዳው ድምፁን መልሶ ወደ መስኮቱ ስለሚያመጣው ከየትኛው ጎማ እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። መስኮቶቹን ክፈቱ። ሬዲዮና ማራገቢያ አጥፉ። ከኋላ የተጫነ ክሪክ፣ መፍቻ፣ ጀሪካን፣ የሚንኳኳ ነገር ሁሉ ይውረድ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ከዚያ የክሪኩን ድምፅ ሲያሳድድ ይውላል።

አሁን በሰዓት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ። መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት።

ፔዳሉን ስትረግጡ ድምፁ ይመጣል ወይስ ይጠፋል? ስትረግጡ ብቻ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ ሸራውን፣ ዲስኩን ወይም ታምቡሩን (ሸራው ከውስጥ ሆኖ የሚገፋውን ከበሮ መሰል ብረት) ጠርጥሩ። ሳትረግጡ እየጮኸ ቆይቶ ቀስ ብላችሁ ስትረግጡ ዝም የሚል ከሆነ ግን አንድ ልቅ ነገር እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ሸራው ሲጨመቅ ይረጋል። ሸራው ማለቁን ለማስጠንቀቅ የተሠራችው ቀጭን ብረትም እንዲህ ልታደርግ ትችላለች። ፔዳሉ ቢረገጥም ባይረገጥም ምንም የማይለወጥ ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬኑ ውጭ ነው፤ ወይም የአቧራ መከለያው ቆርቆሮ ዲስኩን እየነካ ነው።

ድምፁ ምት አለው? ካለው ቁጠሩት። ይህ ከሁሉም ሙከራ የበለጠ የምተማመንበት ነው፤ ምንም መሣሪያም አይፈልግም። ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ ዙሪያው 2.5 ሜትር ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ስትነዱ መኪናው በሴኮንድ 2.8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ጎማው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል ማለት ይቻላል። ከትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው ሳጥን) ወደ ዲፈረንሻል (ለግራና ለቀኝ ጎማ ወደሚያካፍለው) የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ ግን ከጎማው በጣም ይፈጥናል፤ በብዙዎቹ አሮጌ ፎር ዊል መኪኖች ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ ከ3.5 እስከ 4.5 ጊዜ ይዞራል። ድምፁ በሴኮንድ አንዴ «ጭር... ጭር...» የሚል ከሆነ ከጎማው ጋር የሚዞር ነገር ነው፤ ዲስክ፣ ታምቡር፣ ሞዞ። በሴኮንድ አራት ጊዜ ያህል «ጭር ጭር ጭር ጭር» የሚል ከሆነ ግን የደረቀ ክሮቼራ ነው። ለዚህ ሸራ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ስትታጠፉስ ይለወጣል? ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዙሩ። መኪናው ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል። ያኔ ማጉረምረሙ ከባሰ የቀኝ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ወደ ቀኝ ሲሆን በተቃራኒው። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ደግሞ የፊት አክስሉ ጫፍ ላይ ያለው መጋጠሚያ ነው።

የፊት ሞዞው ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካለው አንዴ ቆልፋችሁ፣ አንዴ ከፍታችሁ ሞክሩ። ማርሹ ግን በሁለት ጎማ ይሁን። በደረቅ አስፋልት ላይ በአራት ጎማ አትሞክሩ፤ መሃል ላይ ዲፈረንሻል የሌለው መኪና እርስ በርሱ ስለሚታገል የራሱን ድምፅ ይፈጥራል። መቆለፊያው ሲከፈት ድምፁ ከጠፋ ችግሩ የፊት አክስሉ ወይም የፊቱ ዘንግ ነው።

በመጨረሻ፣ የእጅ ፍሬኑን በዝግታ እየነዳችሁ ጥቂት ብቻ ሳብ አድርጉት። ድምፁ ከተለወጠ የኋላ ፍሬኑ ውስጥ አለ። ይህን ግን ሁሉም መኪና ላይ አታድርጉ። አንዳንድ ፎር ዊሎች የእጅ ፍሬናቸው ጎማ ላይ አይደለም፤ ከትራንስፈሩ ኋላ ዘንጉ ላይ ነው የተገጠመው። አሮጌው ላንድ ሮቨር ዲፌንደርና ኒሳን ፓትሮል ዋይ60 እንዲህ ናቸው። ይህ ዓይነት ፍሬን ቆሞ ላለ መኪና ብቻ የተሠራ ነው፤ እየነዱ መሳብ ዘንጉንና ክሮቼራውን ይጎዳል።

ደረጃ 2፦ የድምፁ ዓይነት የሚናገረው

ቀጭን ጩኸት ወይም ፉጨት ሸራው ዲስኩ ላይ በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ የሚመጣ ነው። ሸራው ሊያልቅ ደርሶ ይሆናል፤ በሙቀት ገጹ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ይሆናል፤ ወይም ከሸራው ጀርባ መኖር የነበረባት ቀጭን ቆርቆሮ ጠፍታ ይሆናል። ባለፈው ጥገና ወቅት «አያስፈልግም» ተብላ የተጣለች ቆርቆሮ የብዙ ጩኸት ምክንያት ናት።

ጠዋት ሲነሳ የሚሰማና ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ መፋጨት በሌሊት እርጥበት ዲስኩ ላይ የወጣ ስስ ዝገት ነው። ይህን ተዉት።

የማይጠፋው ሻካራ መፋጨት ግን ሌላ ነገር ነው። ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን እየበላ ሊሆን ይችላል።

«ጓ» የሚል አንድ ምት፣ ፍሬን ስትይዙ አንዴ፣ ስትለቁ አንዴ ከሆነ የሆነ ነገር ቦታውን እየለቀቀ ነው። የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ማሰሪያ ብሎኖች መጀመሪያ ይታዩ። ከዚያ አክስሉን የሚይዙት ክንዶች ጎሚኒዎች (የላስቲክ ማረፊያዎች)፣ የባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ሞላ) ጎሚኒዎችና ማሰሪያዎች፣ የክሮቼራው ልቅነት። ወደ ኋላ ነድታችሁ ወደ ፊት ስትቀይሩ በመጀመሪያው ፍሬን ብቻ የምትሰማ ትንሽ «ቀጭ» ሸራው መቀመጫው ውስጥ ሲንሸራተት ነው፤ ያዥዋ ሞላ ካለችና ካልላላች አታሳስብም።

መሪውን የሚያራግፍ ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ዲስክ ነው። ወንበሩንና ወለሉን የሚያራግፍ ከሆነ ከኋላ ጀምሩ። ድፍን የፊት አክስል ባለው መኪና ላይ ግን መሪው ሲራገፍ ኩሽኔታውንና የመሪውን መጋጠሚያዎችም አብራችሁ እዩ፤ ትንሽ የዲስክ ጉድለት በልቅ መጋጠሚያ በኩል ትልቅ ሆኖ ይሰማል።

ፔዳሉን ይዛችሁ ስትቆሙ የማያቋርጥ «ሽሽሽ» ከእግራችሁ በኩል ከመጣ ሰርቮው (የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ክፍል) አየር ያፈሳል። ሞተሩን አጥፉ። ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡት። ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሱ። ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ይላል። ዝቅ ካላለ ሰርቮውን፣ ቱቦውን ወይም አየር የሚስበውን ፓምፕ ፈትሹ።

ደረጃ 3፦ የሚግለውን ጎማ ማግኘት

ለአሥር ደቂቃ ያህል ፍሬን ብዙም ሳትይዙ ንዱ። ቁሙና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። አትንኩት፤ ሊያቃጥል ይችላል። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ የሚግል ከሆነ ያ ፍሬን አልለቅም ብሏል፤ ወይም ኩሽኔታው ተጎድቷል።

የሚይዘው ለምን እንደሆነ ለመለየት ጎማውን አንስታችሁ በእጅ አዙሩት። ከጠነከረ የፍሬኑን የአየር ማውጫ ብሎን ጥቂት ክፈቱ። ዘይት ፈልቅቆ ጎማው ወዲያው ከተለቀቀ በዘይቱ መስመር ላይ ግፊት ታፍኖ ነበር። አሮጌ መኪና ላይ ተጠርጣሪው የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦ ነው፤ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን አሳልፎ መመለስ ይከለክለዋል። ብሎኗ ተከፍታም ጎማው ካልተለቀቀ ፒስተኑ ዝጓል ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል። ብሎኗን መልሳችሁ ስትዘጉ አየር አለመግባቱን አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ መኪናውን በደህና ማንሳት

ደረቅና ሜዳ ቦታ ላይ ሁኑ። በማይነሳው በኩል ያሉትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በጠንካራ ታኮ ያዙ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግቡ፤ በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፉት።

የእጅ ፍሬኑ ዘንግ ላይ ለሆነ መኪና ይህን በተለይ አስተውሉ። አንድ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሳ ያ የእጅ ፍሬን መኪናውን መያዝ ያቆማል። ዲፈረንሻሉ የተነሳውን ጎማ በነጻ ስለሚያዞረው መኪናው ሊንከባለል ይችላል። ማርሽ ውስጥ ማስገባትም በዚያው ምክንያት አያድንም። የሚያድነው ታኮው ነው። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና ደግሞ አንዱ አክስል መሬት ላይ እያለ ሞተሩን አስነስታችሁ ማርሽ አታስገቡ።

ጎማው ከመፈታቱ በፊት አንድ ሙከራ አለ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁት። የሚላላ ከሆነ ሌላ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ። ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ከኩሽኔታው አልፎ መሪው ሲዞር ጎማው የሚታጠፍበት መጋጠሚያ ላይ ነው። የላላ ኩሽኔታ ዲስኩን እያወዛወዘ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆንና ሁለተኛው ይይዛል። እንዲህ ያለ ፔዳል ያለው ሰው ዘይት ጨምሮ፣ አየር አስወጥቶ ይደክማል እንጂ መፍትሔው ኩሽኔታውን ማጥበቅ ወይም መቀየር ነው።

ደረጃ 5፦ የፊት ዲስክ

የፍሬን አቧራ በአየር አይነፋም። በደረቅ ብሩሽም አይጠረግም። የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳንባን ይጎዳል። በፍሬን ማጠቢያ ወይም በሳሙና ውኃ አርጥባችሁ በጨርቅ ሰብስቡት።

የሸራውን ውፍረት ከብረቱ ውጭ ለኩ። 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየር። የውስጡንም የውጩንም እዩ፤ አንዱ ከሌላው በጣም ካነሰ አንድ ፒስተን ወይም ፒን ተጣብቋል፤ አዲስ ሸራ ብቻ ቢገባ ያው ይደገማል። ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር የሚንሸራተት ፒን የለውም፤ እዚያ እያንዳንዱ ፒስተን በነጻ መመለሱ ይታያል።

የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ካነሰ ይጣል። ውፍረቱ በቂ ሆኖ ንዝረት ካለ ሰዓት በሚመስል መለኪያ (ዳያል ጌጅ) መወዛወዙን ለኩ፤ የብዙ መኪኖች ገደብ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከመለካታችሁ በፊት ኩሽኔታው የተስተካከለ መሆን አለበት፤ አለዚያ የምትለኩት የኩሽኔታውን ልቅነት ነው። ድፍን አክስል ባላቸው ብዙ አሮጌ መኪኖች ዲስኩ ከሞዞው ጀርባ ስለሚታሰር ሞዞው መውጣት አለበት። ከወጣ አይቀር ኩሽኔታውን አጥባችሁ በአዲስ ግራሶ ሙሉት፤ ፓራኦሊዮውንም (ዘይትና ግራሶ እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) ቀይሩት።

የአቧራ መከለያውን ቆርቆሮ አትርሱ። ከኮረኮንች መንገድ በኋላ ድንገት የሚጀምር የማያቋርጥ ጩኸት ብዙ ጊዜ እዚያ የገባች ጠጠር ናት። ጠጠሯን አውጡ፤ ቆርቆሮውን በካቻቢቴ ቀስ አድርጋችሁ ከዲስኩ አርቁት። አለቀ።

ደረጃ 6፦ የኋላ ታምቡር

ፎር ዊል መኪና ላይ ብዙ ያልተጠበቀ ነገር የሚገኘው እዚህ ነው። ወንዝ ሲሻገር፣ ጭቃ ሲገባ ታምቡሩ አሸዋና ደለል ይሰበስባል፤ ዲስክ ራሱን ያራግፋል፣ ታምቡር ግን የገባውን ይዞ ይቀራል። ከጥልቅ ውኃና ጭቃ በኋላ የጀመረ መፋጨት ሳይከፈት በራሱ ይጸዳል ብላችሁ አትጠብቁ።

የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ታምቡሩ አልወጣም ካለ የሸራውን ማስተካከያ ወደ ውስጥ መልሱ። ብዙ ታምቡሮች ላይ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁለቱን ብሎኖች በየተራ ስታጠብቁ ታምቡሩ እየተገፋ ይወጣል። በመዶሻ ጠርዙን መምታት ይሰብረዋል።

ከተከፈተ በኋላ መጀመሪያ እርጥበት ፈልጉ። ሸራው ከራሰ ዘይቱ ከየት እንደመጣ መለየት አለበት። የሚከረፋ፣ የድኝ ሽታ ያለው ወፍራም ዘይት ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ የአክስሉ ፓራኦሊዮ አልቋል። ሽታው ቀላል የሆነ ቀጭን ዘይት ከሆነ ትንሹ የፍሬን ሲሊንደር ያፈሳል። በዘይት የራሰ ሸራ ታጥቦ አይድንም። መጀመሪያ የሚያፈሰውን ጠግናችሁ የሁለቱንም ጎማ ሸራ ቀይሩ።

ደረቅ ከሆነ ሞላዎቹን አንድ በአንድ ጎትቱ። የተሰበረ ወይም የተዘረጋ ሞላ ሸራውን ወደ ቦታው አይመልሰውም። በምስማር የተመታ ሸራ የምስማሩ ራስ ላይ ሊደርስ 1 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየራል። በማጣበቂያ የተለጠፈው ደግሞ ከብረቱ መላቀቅ መጀመሩን በጠርዙ በኩል እዩ።

ከዚያ ሸራዎቹን አንስታችሁ ከኋላቸው ያለውን ቆርቆሮ ተመልከቱ። የሸራው ብረት የሚያርፍባቸው ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ናቸው። ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ሲጢጥ የሚል፣ መኪናው ቆሞም የሚሰማ ድምፅ ከእነዚህ ይመጣል። ደርቀው፣ አንዳንዴም ጎድጉደው ታገኟቸዋላችሁ። አጽዱና ሙቀት የሚችል ግራሶ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በዚህች ሥራ ብቻ የሚጠፋ ድምፅ ብዙ ነው።

ታምቡሩ በቅርቡ ቶርኖ ቤት ገብቶ ከነበረና በእያንዳንዱ ፍሬን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከመጣ መላጫው ጠመዝማዛ መስመር ትቶ ይሆናል። ሸራው መስመሩን ተከትሎ ወደ ጎን ይወጣና ተመልሶ ይወድቃል። ውስጡን በሻካራ ወረቀት አቋርጣችሁ ፈግፍጉት። የታምቡሩ ትልቁ የሚፈቀድ ስፋት ራሱ ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ካለፈ ድጋሚ አይላጭም።

የእጅ ፍሬኑ ዘንግ ላይ ከሆነ ያንንም ታምቡር ክፈቱ። ትራንስፈሩ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ የሚርሰው እሱ ነው፤ ድምፁ ደግሞ ከወለሉ መሃል ነው የሚመጣው።

ደረጃ 7፦ መልሶ መግጠም

ግራሶ የሚገባው ሸራው ጀርባና ጆሮዎቹ ላይ ብቻ ነው። ፊቱ ላይ ጠብታ እንኳን እንዳያርፍ። ለካሊፐር ፒኖች ጎሚኒ የማያበላሽ የሲሊኮን ግራሶ ተጠቀሙ፤ ተራው ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። በፍሬን ዘይት ፋንታም የሞተር ወይም ሌላ ዘይት በጭራሽ አይገባም፤ የዘይቱ ዓይነት ዶት 3 ይሁን ዶት 4 ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው በዚሁ አጋጣሚ ይቀየር፤ እርጥበት ስለሚስብ በቁልቁለት ሲግል ይፈላል።

መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ርገጡ። አዲስ ሸራ ከሆነ በሰዓት ከ60 ወደ 15 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል በመጠኑ እየያዛችሁ አዝግሙ፤ በመሃል እንዲበርድ ጊዜ ስጡት። በጋለ ፍሬን ፔዳሉን ረግጦ መቆም የሸራውን ቅርጽ ዲስኩ ላይ ስለሚያትም አዲስ ንዝረት ያመጣል።

ከዚያ ደረጃ 1ን እንዳለ ድገሙት። ያው ቦታ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ወረቀት። ድምፁ ካለና ምቱ ያልተለወጠ ከሆነ የፈታችሁት ነገር ምንጩ አልነበረም፤ ወደ ኩሽኔታው ወይም ወደ ክሮቼራው ሂዱ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግሞ የጎማ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።